ጋቢ ለብሶ መተኮስ

እኛ አገር ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቁመቱ ትንሽ ይጨምራል። ለክታችሁ አታውቁ ይሆናል እንጂ ድምፁም ይወፍራል፤ ወንበር ሲቀርብለት ወገቡ ላይ ያለው ብረት እንዲታይለት ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ጋቢ ከወንድ ትከሻ የሚወርድበት ወር የላትም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሽጉጥና ጋቢ ተከባብረው ይኖራሉ። የተጣሉት በእኔ ልጅ ሰርግ ላይ ነው።

ልጄን ትዕግሥትን ስድር ከጥሪው ጋር አንድ ቃል ላክሁ፦ በእኔ ዳስ ጥይት አይተኮስም። ታላቅ ወንድሜን የገደለው ለሙሽራ ክብር ተብሎ የተተኮሰ ጥይት ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ተኩስ ስሰማ መሬት ላይ እተኛለሁ፣ በዚህም አፍሬ አላውቅም። ዘመድ ግን አፈረብኝ። «ተኩስ የሌለበት፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» አሉ። ለቅሶ ላይም እኮ ይተኩሳሉ!

የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተሰማ፣ አዲስ ሽጉጡን ታጥቆ ከጎረቤላ መጣ። በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ብረቱን ጓዳ ያስቀምጡልኝ።»

«የወንድሜ ልጅ በዝምታ ልትወጣ? ሰው ምን ይለናል፣ አንቺ!» ብሎኝ አለፈ።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲነሱ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ጋሽ ተሰማ ዳሱ ደጃፍ ቆሞ እጁን ከነጋቢው ወደ ሰማይ አነሳ። ሽጉጡ አንዴ ጮኸ። ሁለተኛው እምቢ አለ። እንዲህ ያለው ሽጉጥ በተኮሰ ቁጥር የላይኛው ብረቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ባዶውን ቀለህ ተፍቶ፣ ሌላ ጥይት ጎርሶ ይመለሳል። መንገዱን የዘጋበት ነገር ካለ ግን እዚያው ይቀረቀራል። የጋሽ ተሰማ ጋቢ እጁ ላይ ተደርቦ ስለነበር ብረቱ ሲመለስ የጋቢውን ጫፍ ከባዶው ቀለህ ጋር ነክሶ ቀረ። እሱ ሽጉጡን ሲጎትት ጋቢው መልሶ ይጎትተዋል፤ በዚህ መሃል አፈሙዙ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወደ ዳሱ ዞረ። ውስጡ ጥይት ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። እንግዳው ሁሉ መሬት ላይ ተኛ፣ ትዕግሥትም ከነቬሎዋ።

እኔ ያን ቀን አልተኛሁም። በጎኑ ዞሬ የእጁን አንጓ ያዝኩና አፈሙዙን ወደ ባዶው ማሳ መለስኩት። «ጣትዎን ከምላጩ ያውጡ!» ብዬ ጮህኩበት፤ በሕይወቴ በእሱ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ጣቱ ሲወጣ የእህቴን መቀስ አስመጥቼ ጋቢውን ከብረቱ ዙሪያ ቆረጥኩት። ጡረታ የወጣ ወታደር ጎረቤታችን ሽጉጡን ተቀብሎ ጥይቱን አራገፈው። አንድ ጥይት አፉ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ጋሽ ተሰማ በግማሽ ጋቢ ብርድ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ስለ ጥይቱ ሊነጋገሩ መስሎኝ ቶሎ ወንበር አቀረብኩ። ለካ የመጡት ስለ ጋቢው ኖሯል! «ትልቅ ሰው በአደባባይ ጋቢው ተቆርጦ ተዋርዷል፤ ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ።

አልጠይቅም አልኳቸው። ይቅርታ የምጠይቅ ከሆነ ጋቢውን ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሃል ከእኔ ጋር እምቢ ያለ እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን በመቀስ ቆረጥኩት።