የገባ ይጻፋል፣ የወጣ ይጻፋል

በማንኛውም መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ የቤቱ ስም ይቀየራል፣ መንግሥት እንኳ ይቀየራል። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን አይቀየርም። ታውቁታላችሁ። ልጃችሁን ክርስትና አንስቷል፣ ሠርጋችሁ ላይ ጨፍሯል፤ ሰኞ ጠዋት ስትመጡ ግን ከላይ እስከ ታች አይቷችሁ «ስም?» ይላል። «እንዴ! እኔ ነኛ!» ስትሉት «እኔ የሚባል ስም መዝገብ ላይ የለም» ይላችኋል። የዚህ ዘር ሁሉ አባት ባሕር ዳር ነበሩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርሩት ኖረዋል።

ዛሬማ ዘመኑ የካሜራ ነው አሉ። ባለፈው ወር አራት ካሜራ የሰቀለ ሱቅ ውስጥ ሞባይሌን ሰረቁኝ። በሩ ላይ «ይህ ቤት በካሜራ ይጠበቃል» የሚል ተለጥፏል። «እስቲ የቀዳውን አሳዩኝ» አልኋቸው የሱቁን ልጆች።

«አባባ፣ ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ሲመጣስ?»

«ሲመጣ ደግሞ ማስቀመጫው ሞልቶ ነበር።»

«ያኛውስ፣ ከጥጉ ያለው?»

«እሱ ለማስፈራሪያ ነው፤ ገመድም የለው።»

እንዲህ ነው ጥበቃ! የባሕር ዳሩ ዘበኛ የኔታ ወልደ ሐዋርያት መብራት ጠፋ ብለው አያውቁም፣ ሞላ ብለው አያውቁም፣ ለማስፈራሪያም ተቀምጠው አያውቁም። ይህንን ለሱቁ ልጆች ስነግራቸው «ሽማግሌው ጃጁ» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እኔ የምለውን አውቃለሁ።

የኔታ በ1970 ዓ.ም. ከፋሲሎ ሠፈር ወደ ሐይቁ ሲወርዱ በነበረ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ የበር ዘበኛ ነበሩ። እኔ እዚያው የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። የኔታ ለዘበኝነት የተፈጠሩ አልነበሩም። ከጣና ደሴቶች ባንዱ ደብር ያደጉ፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የደብሩ መሬት ሲወረስ መጽሐፍ የሚያስጽፍ ጠፋና፣ ክቡርነታቸው ከነቀለም ቀንዳቸው በታንኳ ተሻግረው በራችን ላይ ተሾሙ። ከኋላቸው «ሊቀ መዛግብት» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «የኔታ» ከማለት በቀር የሚደፍር አልነበረም።

ሕጋቸው አጭር ናት። «የገባ ይጻፋል፣ የወጣ ይጻፋል፤ መዝገብ አይሰረዝም።» ሥራ አስኪያጁ አቶ አምሐ ዶሮ በጋቢ ሸፍነው ቢገቡ «አቶ አምሐ፤ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፤ ከአንዲት ቀይ ዶሮ ጋር» ተብሎ ይጻፋል። ሲወጡ ዶሮዋ ከሌለች «ዶሮዋ ቀርታለች» ይጨመርበታል። ከመሸንቲና ከሐሙሲት ኑግ የጫነ መኪና ሲመጣ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ከጭነቱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ወርዶ ስሙን ይናገራል። ደግሞ መዝገቡ ፊት ትልቅ ትንሽ የለም፤ ተሸካሚውንም «ስምዎ?» ነው የሚሉት። አንድ ማለዳ ጉማሬ አጥር ጥሶ ገባ። እኛ ጣሪያ ለጣሪያ ስንሯሯጥ የኔታ ከጎጇቸው ሳይነሡ ጻፉ፦ «ስም፣ ጉማሬ። የመጣበት፣ ጣና። ጉዳይ፣ አልተናገረም። ፊርማ፣ እምቢ አለ።»

እስክሪብቶ አለቀ ማለት ለእሳቸው ሰበብ አይደለም። እስክሪብቶው ሲደርቅ መቃ ይቀርጻሉ፤ ጥላሸት ይበጠብጣሉ። የመዝገብ ደብተር ከአዲስ አበባ አልመጣም ሲባል የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አጣጥፈው እንደ ብራና መጽሐፍ በጅማት ሰፉት። «መጽሐፍ አይለጠፍም፤ ይሰፋል» አሉኝ። «አንዱን ቅጠል ስትቀድ ባልንጀራው ከወዲያ ይረግፋል፤ ሌባው ይታወቃል።» ሰዓታቸው ሲቆም ፀሐይ ላይ ወጥተው ጥላቸውን በጫማ ይለኩና «ጥላ ስድስት ጫማ» ብለው ይጽፋሉ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው እንኳ በሩን ቆልፈው ይሄዱና ሲመለሱ «በሩ አራት ደቂቃ ዝግ ነበር፤ ምክንያት፣ ሆድ» ብለው ይሞላሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያ መዝገብ አንዲት ክፍት መስመር ያገኘ ሰው ካለ ይምጣ፤ እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሁለት የቀለም ቀንድ አላቸው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ መዝገብ አይነካም። እሑድ እሑድ ለራሳቸው የሚጽፉት ድርሳን አለ፤ ቀዩ ለሱ ነው። «በቀይ የሚጻፍ የፈጣሪና የጻድቃን ስም ነው። ዘይት ቤት ምን ጻድቅ አለና!» ይላሉ፣ እኔን እያዩ።

ለእኔማ ደመኛዬ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ስገባ «ሣህሉ፤ አርፍዷል» ነው።

«የኔታ፣ አንድ ደቂቃ እኮ ናት!»

«እኔ አልጨመርኋት።»

ይባስ ብሎ ባለቤቴ ፀሐይወርቅ አንድ ቀን ደጃፋቸው መጥታ «የኔታ፣ ሣህሉ ትናንት ስንት ሰዓት ወጣ?» ብላ ጠየቀች። ገጹን ገልጠው «አሥራ አንድ ተኩል» አሏት። ቤት የገባሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ጠጅ ጠጅ እየሸተትሁ «ስብሰባ ነበረብን» ብያታለሁ። በዚያ ዘመን በስብሰባ የማይሸፈን ኃጢአት አልነበረም፤ የኔታ ግን ይህቺን መውጫ ዘጉብኝ። ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳኋቸው። እሱንም ሳይጽፉት አልቀሩም።

አሁን ወደ ጓድ አንዳርጋቸው ልምጣ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ፣ ከሥሩ ግራጫ ላንድሮቨር። በዚያች መኪና «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብለው ከሄዱት የሠፈራችን ሰዎች ሦስቱ አልተመለሱም። የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ምን ይዞ ይጠይቃል? ማን ወሰዳቸው፣ መቼ፣ በምን፣ አንድ የተጻፈ ነገር የለም።

በጥር ወር ይኸው ጓድ ከዕቃ ቤቴ ሃያ አራት ጀሪካን ዘይት አስጭኖ ሄደ። የማውጫ ወረቀት ስጠይቀው «ነገ ይመጣል» አለኝ። ያ ነገ አልመጣም። በየካቲት ቆጠራ ሆነና ሃያ አራቱ ጎደሉ፤ «ሣህሉ በላው» ሊባል ሲል ስብሰባ መካከል ተነሥቼ ማን እንደወሰደው ተናገርሁ። ምን አፌን አስከፈተኝ! በማግስቱ ላንድሮቨሯ ዕቃ ቤቴ ደጃፍ ቆመች።

«ጓድ ሣህሉ፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለኝ አንዳርጋቸው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ አስገብተው መካከላቸው አስቀመጡኝ። ስለ ፀሐይወርቅ ነበር የማስበው፤ ማን ይነግራታል እያልሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ የሚለዋወጥበት። የሚወጣው ከውስጥ፣ የሚገባው ከውጭ ተሰልፎ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። በሩ ዝግ ነው። የኔታ ጎጇቸው ደጃፍ መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ክፈት!» አለ አንዳርጋቸው።

«ስምዎ?»

«ምን?»

«ስትገቡ ሦስት ነበራችሁ፤ አሁን አራት ናችሁ። የወሳጅ ስም፣ የሚወሰድበት ቦታ፣ የሚመለስበት ሰዓት፣ ፊርማ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አታውቀኝም?»

«ማወቅ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ። አምስት ደቂቃ ነው አሉ፤ የሚመለስበትን ስምንት ሰዓት ከአምስት ብዬ ልጻፈው?»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አንዳርጋቸው ከመኪናው ዘሎ ወረደና መዝገቡን መነጨቃቸው። የሚፈልገውን ያውቃል። ወደ ጥር ገልጦ ያችን ገጽ ቀደዳት፤ ጨምድዶ ኪሱ ከተታት። ወዲያው ከመዝገቡ በሌላው ጫፍ ባልንጀራዋ ቅጠል ሾልካ መሬት ወደቀች። የኔታ ጎንበስ ብለው አነሧት፣ አቧራዋን እፍ አሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እርስዎ» ማለታቸውም እዚያ ላይ አበቃ።

«ዳዊትን በቃሌ የያዝሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉ። «የጥር አሥራ አራት ገጽ ይከብደዋል ብለህ ነው?»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያነብ ሰው እያዜሙ ጀመሩ። «ጥር አሥራ አራት። አንድ ሰዓት ከአርባ፣ እናትዓለም ገባች፣ ልጇን አዝላ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ አቶ አምሐ ገቡ፣ ባዶ እጃቸውን። ሁለት ሰዓት ከሦስት፣ ሣህሉ፣ አርፍዷል።» በዚህም ሰዓት! እኔ ሞት አፋፍ ላይ ቆሜ! «አምስት ሰዓት ከሩብ፣ ጓድ አንዳርጋቸው ገባ፤ መኪናው ባዶ። ስድስት ሰዓት፣ ጓድ አንዳርጋቸው ወጣ፤ ሃያ አራት ጀሪካን ዘይት፤ ወረቀት የለውም፤ ነገ ይመጣል አለ። ፊርማ፣ እምቢ አለ።»

«እንደ ጉማሬው!» አለች ኑግ አበጣሪዋ እናትዓለም ከሰልፉ።

ከውስጥም ከውጭም ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ ሽጉጥ ፊት የተሳቀ ሳቅ ያ ብቻ ይመስለኛል። አንዳርጋቸው እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ወደ ውስጥ አየ፣ ሰው ነው። ወደ ውጭ አየ፣ ሰው ነው። አንድም ሰው ከበሩ ፈቀቅ አላለም። ጎረምሶቹ ጫማቸውን ያያሉ።

«ውረድ» አለኝ በመጨረሻ። ወረድሁ፤ እግሬ መሬት መንካቱን ግን አላስታውስም። የኔታ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ጻፉ፦ «ስምንት ሰዓት ከሃያ። ሦስት ገቡ፣ ሦስት ወጡ።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ጎረምሶች የኔታን ሊወስዱ መጡ። የኔታ የራሳቸውን ስም በራሳቸው እጅ ጻፉ፣ «የሚወሰድበት፣ ቀበሌ» ብለው ጨመሩ፣ ከዚያ መዝገቡን ለጎረምሶቹ አዞሩት። አንዱ ፈረመ። ሌላው ፊደል ስለማያውቅ አውራ ጣቱን በጥላሸት ቀለም ነክረው አሳተሙት። ያን የመሰለ ሰው መዝገብ ዘርግቶ ፊት ለፊት ሲቆም እምቢ ማለት ለእኔም ሆኖልኝ አያውቅም፣ ለእነሱም አልሆነላቸውም።

«ሣህሉ፣ መዝገቡን ያዝ» አሉኝ። «ክፍት ቦታ እንዳትተው።»

አሥራ አንድ ቀን በሩ ላይ ተቀመጥሁ። አቶ አምሐ «ዕቃ ቤቱስ?» ሲሉኝ «ዕቃ ቤቱ ዝግ ነው፤ መዝገቡ ክፍት ነው» አልኋቸው። እኔ ነኝ ይህን ያልሁት! የሄዱትም የመጡትም ሁሉ ተጻፉ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት በሩን ቆልፌ፣ መዝገቡን ታቅፌ ወደ ቀበሌ እሄዳለሁ። «ፈርሞ የወሰደ ፈርሞ ይመልስ፤ ይኸው ፊርማው፣ ይኸው ጣቱ» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን አባረሩኝ። በሁለተኛው በሰደፍ መቱኝ። በሦስተኛው እናትዓለም ልጇን አዝላ አብራኝ መጣች፤ በስምንተኛው ከኋላዬ አርባ ሰው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ከአንዳርጋቸው በላይ የሆነ አለቃ ወጥቶ ጣቱን አየ፣ ሰዉን አየ፣ «ሽማግሌውን ስጧቸው» አለ። ግራጫዋ ላንድሮቨርም ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ አልቆመችም።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ ሥራ ገቡ። ከስተዋል፣ አንድ እግራቸው ያነክሳል፣ ሰዓታቸውንም እዚያው አስቀርተውባቸዋል። ደህና ነህ አላሉኝም። መዝገቡን ተቀብለው ተቀመጡና አሥራ አንዱን ቀን መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይህ ሐ ነው ወይስ የተረገጠ ጉንዳን?»

«ሐ ነው የኔታ።»

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ሁለት ሰዓት…»

«ሣህሉ!»

«ሁለት ሰዓት ከአራት።»

«ጻፈው።» ጻፍሁት።

ከዚያ ጣታቸው ቆመ። በየቀኑ ከሁሉ በፊት የጻፍኋት አንዲት መስመር ነበረች፦ «ወልደ ሐዋርያት፤ እስካሁን አልተመለሱም።» አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ስማቸውን የጻፍሁት ከድርሳናቸው ቀንድ ነክሬ በቀይ ነው።

ፊታቸው ጠቆረ። «አንተ መናፍቅ! በቀይ የሚጻፍ የማን ስም እንደሆነ አልነገርሁህም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«ዘይት ቤት ጻድቅ የለም ብለውኝ ነበር። ተሳስተዋል የኔታ።»

«ሰርዘው!»

«መዝገብ አይሰረዝም» አልኋቸው።

የጋቢያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ጫን አደረጉ፣ ተነሡ፣ እያነከሱ ፀሐይ ላይ ወጥተው ጥላቸውን ለኩ። ተመልሰው ከመጨረሻው ቀይ ስማቸው ሥር በጥቁር «ተመልሷል፤ ጥላ አሥራ ሁለት ጫማ» ብለው ጻፉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ አዩ፣ መቃቸውን እንደገና ነክረው አንድ መስመር ጨመሩ፦

«ሣህሉ፤ በሩ ላይ ቆሟል፤ አርፍዷል።»