ለባልቴቷ ያለቀስን ሰዎች

ለሩቅ ሰው ማልቀስ ደስ ይላል። ቀብሬ ላይ ቁም አይልህ፣ ቤትህ አስጠጋኝ አይልህ። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። መቀሌ፣ ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ትቶት በሄደው መጋዘን ውስጥ ሲኒማ ስተረጉም ነው።

ያኔ ከሸዋ የመጣሁ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። ጣሊያንኛ ስለምሞክር ፊልሙ የሚታይበት አንሶላ አጠገብ ቆሜ ፈረንጆቹ የሚሉትን በትግርኛ፣ ትግርኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ፣ እሱም ሲያልቅብኝ በእጄ አስረዳለሁ። አንድ ቀን ፊልሙ ውስጥ አንዲት ባልቴት መንደሩን በዓይኗ ትጨርሳለች ተብላ ተከሰሰች። ሌላ ስም አጣሁና ቡዳ ናት አልኳቸው። ቄሶቻቸው ጠፍረው ወንዝ ጣሏት። ከሰጠመች ንጹሕ ናት፤ ከተንሳፈፈች ትቃጠላለች። ተንሳፈፈች።

እሳቱ ሲነድ መጋዘኑ በለቅሶ ተናጋ። አከራዬ አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ እነዚህ ሰዎች ፈጣሪ የላቸውም ወይ እያሉ አነቡ። እኔም እንባዬን ጠርጌ ስለ ድንቁርና አጭር ንግግር አደረግሁ። ማን ጠየቀኝ?

ስንወጣ አደይ ብርኽቲ በራፉ ላይ ቆመዋል። ሰኞ ገበያ የሚሸጡት ድስት የሌለበት ቤት የለም፤ እሳቸው ግን ሸክላ ሠሪ ናቸውና ቡዳ ናቸው ይባላል፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። አብረን ያለቀስነው ሁሉ ገለል አልንላቸው። አልን ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ እሳቸው ሲያልፉ ምሳዬን የምከድን ሰው ነበርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

በማግስቱ የአከራዬ ልጅ ሐዳስ ምሳ ስትበላ አየኋትና፣ አበላልሽ እንዴት ያምራል አልኳት። ከዓይን ያውጣሽ ማለቱን ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ሆዷን ያዛት፣ ትኩሳትም ተከተለ። በጢስ አጥነው ማን በላሽ ቢሏት የኔን ስም ጠራች።

ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተጠራው ሰው መጥቶ እንትፍ ይልባታል። ቆሜ አሰብኩት። እንትፍ ብዬ ከዳነች ቡዳ ነኝ። ካልዳነች ክፉ ቡዳ ነኝ። እምቢ ካልኩማ ምኑ ይወራል? ያቺን ባልቴት ወንዙ ውስጥ አገኘኋት።

“አደይ፣ ትናንት አብረን አላለቀስንም?” አልኳቸው አከራዬን።

እሷ የፈረንጅ አገር ሴት ናት፣ ይቺ ግን ልጄ ናት አሉኝ፤ ዛሬም እያለቀሱ። እንትፍ አልኩ። ሐዳስ ላብ አላባትና ተነሥታ ውሃ ጠየቀች።

በሳምንቱ ቤቱን ልቀቅ ተባልኩ። ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቼ ዳቦአቸውን ከመሳቢያ ሳያወጡ፣ ራሳቸውን ወደ መሳቢያው እያስገቡ መግመጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ አስረዳሁ፣ በኋላ ግን ታከተኝ። ሻንጣዬን ይዤ ከተማውን ስዞር ክፍል ያከራየኝ ጠፋ።

ያስጠጉኝ አደይ ብርኽቲ ናቸው። አፈርኩ። ምሳዬን ስለከደንኩባቸው ቀናት ሁሉ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ተወው ብለው ሕምባሻ ቆርሰው እኩሌታውን ሰጡኝ። ከዚያ ጀርባቸውን አዞሩ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው የራሳቸውን ድርሻ እዚያው ውስጥ መብላት ጀመሩ።

“አትቀየመኝ ወደይ፣ ልጄ” አሉ ከነጠላው ሥር። “በእኔ ላይ የሚሉት ውሸት ነው። አንተ ግን ልጅቷን አድነሃታል።”