የፈረስ ውሃ የጠጣው አህያ

አገሩ ጫካ፣ ገንዘቡ ገብስ፣ ዳኛውም በሬ በነበረበት በድሮ ዘመን፣ አንዲት እርጉዝ አህያ ከዋርካው ሥር ቆማ ባሏን በአደባባይ ትሰድበው ነበር።

«ጠጣኸው!» አለችው። «የልጄን ገብስ ጠጣኸው!»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ጎረቤቱን የጠራሁት እኔ ነኝ!»

እውነትም እሷ ነበረች የጠራችው። ስሟ አስቻለች ነው፤ የባሏ ስም ጫንያለው። ሁለቱ ከቆላ ወደ ደጋ ጨው እያጋዙ ይኖሩ ነበር፤ ለድካማቸውም ገብስ ይከፈላቸዋል። ገብሱን ሳይበሉ በጎተራ ያስቀመጡት ለአንድ ጉዳይ ነበር። አስቻለች የምትወልደው በበጋው አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ ሣሩ ሁሉ ይደርቃል፤ ገብስ ካልበላች ጡቷ ወተት አይዝም። ባለፈው ዓመት የወለደቻት ውርንጭላ የሞተችባት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ነገሩን ያመጣችው እመት ጦጢት ናት። ከኮረብታው ላይ ሁለት ውሃ ይወርዳል። አንደኛው ሁሉም በነጻ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ወንዝ ነው። ሁለተኛው ከዓለቱ ሥር የሚፈልቅ ለብ ያለ ምንጭ ነው፤ ድሮ ከፈረሱ ከጋሼ ቦራ በቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እመት ጦጢት ግን አንድ ቀን ምንጩ አፍ ላይ ድንጋይ አድርጋ ተቀመጠችበትና «የፈረስ ውሃ» ብላ በቅል እየቀዳች በገብስ ትሸጥ ጀመር። ለገዛ ሁሉ አንዲት የፈረስ ጭራ ፀጉር አንገቱ ላይ ታስርለታለች።

ከዚያ ወዲህ ጫካው ውስጥ ሰላምታ እንኳ ተለወጠ። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ አንገት ያያል፤ ጤና ይስጥልኝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉር ላላሰረ ደግሞ ጆሮ መነቅነቅ ይበቃዋል። ጫንያለው አንገቱ ላይ ያሰረው ፀጉር ከመብዛቱ የተነሳ ከሩቅ ሲያዩት ጺም ያበቀለ ይመስል ነበር።

ለሽምግልና የተቀመጡት አያ በሬና እመት ፍየል ናቸው። አያ በሬ አንገቱ ላይ ፀጉር አለው። እመት ፍየልም አላት፤ ከራሷ ጺም ጋር እየተቀላቀለ አስቸገራት እንጂ።

«እንግዲህ ልጆቼ» አለ አያ በሬ፣ «ባልና ሚስት ከአንድ ጎተራ እየበሉ አይካሰሱም። አንቺ ልጄ፣ ምን በደለሽ?»

«ምን ያልበደለኝ አለ፣ አያ? ጎተራውን አብረን ሞላነው፤ ያጎደለው ግን እሱ ብቻውን ነው። የቀረችን አንዲት ከረጢት ናት። እሷንም ዛሬ ከጉዞ እንደተመለሰ ከደበቅሁበት ፈልጎ ይዟት ሲወጣ በር ላይ ያዝሁት።»

ከረጢቷ በሽማግሌዎቹ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም አዩዋት።

«አንተሳ ምን ትላለህ?»

ጫንያለው ደረቱን ነፋ። «አያ፣ እኔ ለቤቴ ብዬ ነው። የፈረስ ውሃ ከጠጣሁ ወዲህ ጉልበቴ ሌላ ሆኗል። ዳገቱ አይታወቀኝም። ጨው ነው የጫኑኝ ወይስ ላባ እላለሁ።»

«ፈረስ ሆኛለሁ በለና!» አለች እመት ፍየል።

«ገና ነኝ» አለ ጫንያለው በትሕትና።

«መሮጥስ ጀመርህ?»

«መሮጥማ አልሮጥም። ጨው ተጭኖ ማን ይሮጣል? ግን ብሮጥ እንደምችል ይሰማኛል።»

«በዕድሜህ አንድ ጊዜ ነው የሮጥኸው» አለች አስቻለች። «እሱም ጅብ ሲመጣ፣ እኔን ጥለህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔው ግን ከጦጣም አላስጣለኝ!»

ከዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እመት ጦጢት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዝ ነበር። «ለአህያ ማር አይጥማትም ያሉት ወደው አይደለም» አለች። «ቀምሳው የማታውቀውን ውሃ ታማለች።»

«ዝም በሉ!» አለ አያ በሬ። «ጉዳዩ ቀላል ነው። ውሃው ጉልበት ከሰጠው ገብሱ አልባከነም፤ ካልሰጠው ባክኗል። ጫንያለው፣ እስቲ የዛሬውን ጉዞ ንገረን።»

«የዛሬውንማ ተዉት! ቅሏን በጠዋት ጭልጥ ሳደርጋት ወዲያው እዚህ ጎኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። አብራን ጨው የምታጋዘውን በቅሎ ቀድሜያት ነው የገባሁት። ትናንትም እንደዚሁ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያስ?» አለች አስቻለች።

«የዚያን ቀኑማ ከሁሉም ይበልጥ ነበር!»

«እንኳን ደስ አለህ። ካለፈው ገበያ ወዲህ ቅልህን የምሞላው ከወንዙ ነው።»

ጫንያለው አንድ ጆሮው ወደቀ።

«ግዢ ብለህ የሰጠኸኝን ገብስ ጦጢት ዘንድ አልወሰድሁትም» አለች። «ይቺ ከረጢት እሷ ናት።»

ሁለተኛው ጆሮውም ወደቀ። ሁሉም ቀና ብለው ወደ ቅርንጫፉ ተመለከቱ። እመት ጦጢት ግን አልደነገጠችም።

«ታዲያ ይኼ ምን ማለት ነው? ቅሉ የእኔ ቅል ነው፤ የፈረስ ውሃ ጠረን አለበት። ደግሞስ ጉልበት ይሰጣል ያለው ማን ነው? እኔ ያልሁት ሆድ ያጥባል ነው። አንጀት ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ቀስ እያለ ያነሳል። ጥቅሙ የሚታየው በእርጅና ጊዜ ነው።»

«ካልታየስ?» አለች አስቻለች።

«ያን ጊዜ አርጅተሻል፤ በምን አቅምሽ ትከራከሪያለሽ?»

አያ በሬ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ከበደው። በመጨረሻ እመት ፍየል «ለምን ራሳቸውን ጋሼ ቦራን አንጠይቅም?» አለችና ፈረሱ ከሚግጥበት ተጠርቶ መጣ። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። አንገቱ ላይ ያሰረው ነገር የለም። ጭራው ግን ከመነጨቱ ብዛት እንደ ገመድ ቀጥኖ ነበር፤ ዝንብ መከላከል አቅቶት ቆዳውን ያርገበግባል።

«ጋሼ ቦራ፣ ይህ ውሃ ምን ያደርግልዎታል?» ሲል አያ በሬ ጠየቀው።

«እኔ መልእክት አድራሽ ነኝ፤ ሥራዬ መጋለብ ነው» አለ ፈረሱ። «ስጋልብ ሆዴ እንደ ምድጃ ይግላል። በዚያ ላይ የወንዙ ውሃ ሲያርፍበት ውስጤ ኳ ኳ ኳ ይላል፤ እግሬም ይታሰራል። ለብ ያለውን ስጠጣ አያንኳኳም። ይኸው ነው።»

«ጉልበትስ አይጨምርም?» አለ ጫንያለው።

«ጉልበቴ ከእናቴ ነው። አንተ ሆድህ ያንኳኳል?»

ጫንያለው መሬት መሬት አየ።

«የወንዙን ውሃ ጠጥተህ ታምመህስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እኔ አንተን ብሆን ወንዙ ውስጥ እተኛ ነበር!» አለ ፈረሱ። «ወዳጆቼ፣ ይህ እኮ መድኃኒት ነው። ፈጣሪ ጤና ሰጥቷችሁ ሳለ የምትሸምቱት የእኔን በሽታ ነው።» ይህን ብሎ ዝንቦቹን አስከትሎ ወደ ግጦሹ ተመለሰ።

አስቻለች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። «ሰማችሁ» አለች ለስለስ ብላ። «እንግዲህ ከረጢቴን ስጡኝ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።»

አያ በሬ የገዛ ሆዱን የሚያዳምጥ ይመስል አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ።

«የሚገርም ነው» አለ በመጨረሻ። «ለካስ የሚያንኳኳው የከበረ ሆድ ነው! እኔም እኮ ሰሞኑን እዚህ ጋ አንድ ነገር ይለኛል።»

«ኳ ኳ?» አለች እመት ፍየል።

«እንደዚያ ነገር።»

«እኔንስ! እኔን የጀመረኝ ገና በልጅነቴ ነው። ለማን ልንገር ብዬ እንጂ።»

ዶሮዋ ዘላ ተነሳችና የእሷም ደረት እንደሚያንኳኳ በጫጩቶቿ ማለች። ኤሊው ቅርፊቱን ከድንጋይ ጋር እያጋጨ «ስሙኝ! ስሙኝ!» ይል ጀመር። ሁሉም በአንድ ጊዜ የየሆዱን ወሬ ሲያወራ ጫካው የወፍጮ ቤት መሰለ። እመት ጦጢት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የበሽተኛ ዋጋ ለብቻው ነው!» አለች።

ያልተናገረው ጫንያለው ብቻ ነበር። አስቻለች አየችው። ውርንጭላዋ የሞተች ቀን አብሯት አልቅሶ ነበር። አሁንም እሷን እያየ አፉን ከፈተ፤ የሚላት ነገር ያለው መሰላት።

«አያ በሬ» አለ፣ ዓይኑን ከሚስቱ አሽሽቶ። «እኔ ስታመም የማልናገር ሆኜ ነው እንጂ፣ የእኔስ ይብሳል። ዳገቱን ስወጣ ኳኳታው ለበቅሎዋ ሳይቀር ይሰማታል።»

አያ በሬ ተነስቶ ፈረደ። «በሽተኛ መድኃኒት አይከለከልም። ከረጢቷ ለባልየው ትሰጥ። አንቺም ልጄ፣ ባልሽን አስታምሚ።»

ጫንያለው ማንም ሳይቀድመው ከረጢቷን በጥርሱ ነክሶ አነሳት።

«ነይ እንጂ፣ ምርቃቱ ቀርቷል» አለች እመት ፍየል።

አስቻለች ዞረች። ከባድ ሆዷን ተሸክማ፣ እርጥብ ሣር ይገኝበታል ወደሚባለው ወደ ሩቁ ቆላ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።

ጫንያለው ሊጠራት ፈልጎ ነበር። ለመጥራት ግን አፉን መክፈት አለበት፤ አፉን ከከፈተ ደግሞ ከረጢቷ ትወድቃለች። እንደነከሳት ቆሞ ያያት ጀመር። እሷም ወደ ኋላ ሳትመለከት ሄደች።