እጅ መንሳት የተከለከለ ጀርባ

አክብሮት ልብ ውስጥ ነው የሚኖረው ይላሉ። ልብን ግን ማን ከፍቶ ያያል? በጃንሆይ ዘመን አክብሮት የሚታየው ጀርባ ላይ ነበር። ሹም ሲያልፍ ጀርባ ይታጠፋል፤ ዳኛ ሲሰየም ይታጠፋል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት የፈለገም ይታጠፋል። እርስዎም ታጥፈው ያውቃሉ፣ አይደብቁኝ። ይህን ሁሉ ሥራ የተሸከሙት አጥንቶች የታመሙ ቀን ምን ይደረጋል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። እኔም ብሆን አላሰብኩም፤ ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ ፍለጋ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ስመላለስ ኦቦ ጉተማን እስካይ ድረስ።

ኦቦ ጉተማ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ጀርባቸውን ሲያማቸው ጎረቤት "ውጋት ነው" አለና ደረታቸው በጋለ ብረት ተተኮሰ። ቀጥሎ ወጌሻ በቅቤ አሻቸው። ሕመሙ ውጋት አልነበረም። ሳንባ ላይ የምናውቀው ቲቢ አከርካሪም ውስጥ ይገባል፤ ከደረት ትይዩ ያለውን አጥንት እንደ ምስጥ ከውስጥ ይቦረቡራል። ይህን የሰሙት የሚሲዮን ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነው። መርፌ ተጀመረላቸው፤ ከብብት እስከ ዳሌም በጀሶ ታሸጉ።

"አጥንቱ እስኪጠና መጎንበስ የለም" አላቸው ጀሶውን ያሰረው ድሬሰር። "ጫማዎን እንኳ ሚስትዎ ታጥልቅልዎ።"

"ጫማ የት አለኝና!" አሉ ኦቦ ጉተማ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን አንድ ግራዝማች የወንዝ ዳር ማሳቸውን "የእኔ ነው" ብለው ከሰሱ። ማሳው ከሄደ ቤተሰቡ የሚበላው የለም። ቀጠሮው ሲደርስ ኦቦ ጉተማ ጀሶአቸውን በጋቢ ሸፍነው ቀረቡ። ግራዝማች ግንባራቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ እጅ ነሱ። ኦቦ ጉተማ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለው ቆሙ።

"እጅ ንሳ እንጂ!" አለ ችሎት አስከባሪው።

"ሐኪም ከልክሎኛል" አሉ በኦሮምኛ።

ዳኛው ኦሮምኛ አሳምረው ያውቃሉ። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነውና ግን አስተርጓሚው እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁ።

"ዳኛ ማክበርን የሚከለክል ሐኪም ከየት የመጣ ነው?"

ችሎቱ ሳቀ። ኦቦ ጉተማ ጀሶውን ለማሳየት ጋቢያቸውን ሲገልጡ፣ "ደግሞ ችሎት ፊት ሊያወልቅ!" ተብለው ተገፍተው ወጡ። ጉዳዩ ተቀጠረ።

ፍርድ ቤት ደጅ ሕግ አዋቂ ሞልቷል። "ኦቦ፣ የሚከራከሩት በመሬትዎ ነው ወይስ በጀሶዎ?" አላቸው አንዱ። ሚስታቸው አዴ ዲንቄ ተቆጡ። "ማሳው ገደል ይግባ! እኔ ቀና ያለ ባል ነው የምፈልገው።"

"ቀና ብዬ ምን ላብላሽ?" አሉ ባል።

በማግስቱ ወጌሻው ጀሶውን በውሃ አርሶ በቢላ ቀደደው።

በቀጠሮው ቀን ኦቦ ጉተማ እጅ ሲነሱ ላብ በግንባራቸው ወረደ፤ ግን አማረባቸው። ዳኛው አልመጡም ነበር። የተነሳው እጅ ለባዶ ወንበር ነው፤ ደንቡ ነውና። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ከዚያም ሌላ። በመሃሉ ሐኪም ቤት መመለስ ፈሩ፤ "እንደገና ያሽጉኛል" ብለው። መርፌውም በዚያው ቀረ። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፦ በየቀጠሮው ጀርባቸው እየጎበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ፍርድ ተሰጠ። ኦቦ ጉተማ ገና ከበሩ አጎንብሰው፣ ደረታቸው ወደ ሆዳቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡ። ዳኛው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ሥርዓት ገባው" አሉ። ማሳውም ለኦቦ ጉተማ ጸና። ምስክሮቻቸው ድሮም ጠንካሮች ነበሩ፤ ፍርዱ ከጀርባቸው ጋር ይገናኝ አይገናኝ ማስረጃ የለኝም።

"ይበቃል፣ አሁን ቀና በል" አላቸው ችሎት አስከባሪው፣ ለስለስ ብሎ።

ኦቦ ጉተማ አልተንቀሳቀሱም።

"ቀና ብያለሁ" አሉ በኦሮምኛ።

አስተርጓሚው ይህችን ብቻ ሳያስተረጉም ቀረ። ዳኛው ግን፣ ነግሬዎታለሁ፣ ኦሮምኛ አሳምረው ያውቃሉ።