ቦርሳውን ያዢላቸው

እናንተዬ፣ የምትወዱትን ባንድ በአካል ሄዳችሁ አትዩት። በቃ፣ እዚያው ጆሯችሁ ውስጥ ይኑር። ካላመናችሁኝ ደግሞ ሂዱና እዩት፤ ግን እናታችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

እኔ ይዤ ሄጄ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ባንዱ ገደል ማሚቶ ይባላል። መጀመሪያ የሰማኋቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ካዛንቺስ፣ ዛሬ ፈርሶ ሰፊ አስፋልት በሆነው ቦታ ላይ፣ የጓደኛዬ አጎት ቤት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አምስት ልጆች ይለማመዳሉ። እኛ ለፈተና እናጠናለን ብለን እንሄድና ቆርቆሮው ላይ ጆሯችንን ለጥፈን እንቀመጣለን። የሒሳብ ውጤቴን አትጠይቁኝ። ድምፃዊው (ስሙን አልጠራውም፤ ስጠራው ዛሬም ድምፄ ይለሰልሳል) ያኔ ቀጭን፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ልጅ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ደግሞ ዓይኑን የሚጨፍነው እኔን እያሰበ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱ እኮ አይቶኝ አያውቅም! ግን በአሥራ ሰባት ዓመት እሱ ምን ችግር አለው?

ስለዚህ ከማንም በፊት ያወቅኋቸው እኔ ነኝ። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ቅናቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካሴታቸው ሲወጣ ቀናሁ። ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ቀናሁ። አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ካፌ ውስጥ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ያለች ልጅ ዘፈናቸውን ስታንጎራጉር ዞሬ ገላመጥኳት። ምን አጠፋች? ምንም። ግን የኔ ዘፈን አፏ ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ወይዘሮ ብዙነሽ ትባላለች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበረች። ጡረታ ወጥታም እንኳን ስትቆጣ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ይተይባሉ። ገደል ማሚቶን በከፈትኩ ቁጥር ያ ጣት ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ይሄን ጩኸት ዝጊልኝ!» ይመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖርን።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ጣቷም ዝም አለ። ዘፈን ስከፍት እንኳን አትቆጣም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። መንገዷ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ሆነ። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሯን ታወልቃለች ብዬ ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋሁላት። አመስግና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችው። ለመንኳት። አክስቴን ልኬ አስለመንኳት። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ «ልጄ፣ ይበቃል» አሏት። ወይ ፍንክች! «እሺ፣ እለብሰዋለሁ» ትላለች፤ በማግስቱ ያው ጥቁሩ ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለን ገደል ማሚቶ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት። ባምቢስ ሰፈር ባለው ቢሮአችን አብራኝ ከምትሠራው ከትዕግስት ጋር ሁለት ትኬት ገዛን። አርብ ማታ ትዕግስት ደወለች፤ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ልትሄድ ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። እናቴ ሰማች።

«ብቻሽን? እዚያ ጭፈራ መሃል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ።»

«እሱን አውቃለሁ፤ የወለድኩሽ እኔ ነኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እና መጣች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ፣ ጥቁር ቦርሳ። ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመተላለፊያው ጠርዝ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ለለቅሶ እንደመጣ ሰው ተቀመጠች። እኔማ የታሰረ ፀጉሬን ፈትቼ፣ ከንፈሬን ቀብቼ ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። አሥር ተኩል ሲል መብራቱ ጠፋ፣ ጭሱ ተለቀቀ፣ ድምፃዊው ወጣ። ማለቴ፣ መጀመሪያ ሆዱ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱ ተከተለ። ይሁን፣ እኔም ብሆን እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ግን ጥቁር መነጽር አድርጓል። አዳራሽ ውስጥ! ታዲያ ዓይኑን ይጨፍን አይጨፍን በምን ልወቅ?

ማይኩ ያፏጫል። ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። የሚዘፍኑት ሁሉ አዳዲስ ነው፤ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ግን ቃል በቃል ያውቁታል። አንዷ እኔ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ገና ጡት ላይ የነበረች ነው የምትመስለው፤ እሷ «የኔ ጌታ!» እያለች ትጮኻለች። የማን ጌታ? እኔ ለማጨብጨብ እጄን ባነሣሁ ቁጥር እሷ ቀድማኝ ታጨበጭባለች። በመጨረሻ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የኔ ዘፈን መጣ። የመብራቱ ዘፈን የምንለው። ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ የሚገባበት፣ ሆድ የሚያባባው። ሳክስፎን ነፊው የለም! በእሱ ቦታ አንድ ጎረምሳ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሷል። ዘፈኑ በሩጫ ሄደ፤ ዱም ዱም ዱም። የምወደው ስንኝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድምፃዊው ማይኩን ወደ እኛ ዘረጋና «እናንተ!» አለ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ልጅ እንድዘፍንለት ጠየቀኝ። እኔ የመጣሁት ራሴን ልሰማ ነው? ራሴንማ ሻወር ውስጥ እሰማዋለሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የንዴት ነው።

«እማዬ፣ እንሂድ» አልኳት።

አትሰማኝም። መድረኩን ትኩር ብላ ታያለች። «ይሄ ልጅ ደክሞታል» አለች።

ድምፃዊው ከመድረክ ወርዶ በመተላለፊያው መምጣት ጀመረ፤ ጠባቂ ከፊቱ፣ መብራት ከላዩ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ፀጉሬን አስተካከልኩ። አጠገባችን ሲደርስ እናቴ ብድግ አለች። ጠባቂው እጁን ሊዘረጋ ሲል ጥቁር የለበሰች አዛውንት መሆኗን አይቶ ተወው። ድምፃዊው ሳቅ አለና ማይኩን አስጠጋላት።

«እማማ፣ ይጨፍራሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ላብህን ልጠርግልህ ነው። ንፋስ ይመታሃል» አለችው። በማይክ። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን እየጠረገች «ይሄንንም መነጽር አውልቀው፤ በጨለማ ያደናቅፍሃል» ብላ ራሷ አወለቀችለት።

አዳራሹ ፈረሰ! ፉጨት፣ እልልታ፣ ጩኸት። ስልኮች ሁሉ ተነሡ። እሱ አንገቷን አቅፎ ጉንጯን ሳማት። እጇን ያዘ። ወደ መድረኩ ሊወስዳት ሲል ቦርሳዋ አስቸገራቸውና ወደ እኔ ዞረ። አዎ፣ ወደ እኔ። ያለ መነጽር፣ በዚያ ዓይኑ አየኝ። እንዲህም አለኝ፦

«እህት፣ ቦርሳውን ያዢላቸው።»

ይኸው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቄ ያገኘሁት አራት የማይሞላ ቃል ነው።

ቦርሳውን ያዝኩ። እናቴ መድረክ ወጣች። መጀመሪያ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ከዚያ ትከሻዋ ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ልብሷን ያስተካከለች መስሎኝ ነበር። እንደገና ነቅነቅ አለ። ኧረ እስክስታ ነው! የድሮ፣ የሠርግ ቤት እስክስታ፤ አባቴ ቆሞ እያጨበጨበ የሚያስመታት። ላፕቶፑ ላይ ያለው ልጅ እንኳን ቀና ብሎ ያያታል። ትስቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ጥርሷ ታየ።

መቼም ልቤ በደስታ ተሞላ ብዬ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም፣ አልቅሻለሁም። ግን ከዚያ ቀጥሎ ወዲያው የመጣው ቅናት ነው፤ ያውም ዓይኑን ያፈጠጠ ቅናት። እሷ እኮ ዝጊልኝ ስትል የኖረች ናት! ቆርቆሮው ላይ ጆሮዋን የለጠፈችው እሷ ናት?

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ሳሎን ቆማለች። «ያምርብኛል?» አለችኝ። «በጣም» አልኩ፤ ያምርባታልም። ታክሲ ውስጥ እስከ ባምቢስ ድረስ ግን ይሄን ሳብሰለስል ሄድኩ፦ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ለመንኩ፣ አክስቴ ለመነች፣ የንስሐ አባት ለመኑ። ይሄ ሰው ያን የተበላሸ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ዘፍኖ ጥቁሯን አስወለቃት። ታዲያ በማን ልቅና? በእሱ ነው በእሷ? በሁለቱም ቀናሁ፤ አዳላች እንዳይባል።

ቪዲዮው ሰፈሩን አዳረሰው። ሱቅ ስትሄድ «የላቧ እማማ!» ይሏታል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በየቀኑ እየመጣች እንደገና ታስነግራታለች። ወሬው በተነገረ ቁጥር የሚቀነስ ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን «ከልጄ ጋር ሄጄ» ነበር። በሳምንቱ «ሄጄ» ሆነ።

አንድ እሑድ ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። «ያን የመብራቱን ዘፈን ንገሪኝ፤ ልጻፈው። አዝማቹን ብቻ ነው የማውቀው» አለች። በሚቀጥለው ወር እንደገና ኮንሰርት አላቸው፤ ከእትዬ ዘነበች ጋር ልትሄድ ነው።

«ከኔ ጋርስ?»

«አንቺ ፊትሽን ታጨማድጃለሽ። ሙዚቃ የሚሰማ ሰው እንደዚያ አይደለም።»

ለኔ! ሙዚቃ የሚሰማ ሰው እንዴት እንደሆነ ለኔ!

እሺ ብዬ ማስጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ዘፈኑ እንዲህ ይላል፦ «መብራቱ ቢጠፋ ሰፈሩ ቢጨልም፣ ስምሽን ስጠራው የማይበራ የለም።» ያቺ የምወዳት ስንኝ ናት። የመጀመሪያውን መስመር አልኳት፤ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቅናቴ ተነሣ። ይቺን እንኳን ለራሴ ላስቀር አልኩ። እና እንዲህ አልኳት፦

«ሽሮሽን ሳልቀምስ የትም መሄድ የለም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ሽሮ ምን አመጣው?»

«መብራት ጠፍቶ አይደል እማዬ? ምድጃው አይሠራም። እሱ ደግሞ ይጠብቃታል።»

አሰበች። ሳቄን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ታጋሽ ልጅ ነው» አለችና ጻፈችው።

የኮንሰርቱ ቀን ብቻዬን ቤት ቀረሁ። ልብስ እየተኮስኩ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ዘነበች ናት። «እናትሽ መድረክ ላይ ናት! ስሚ፣ ስሚ!» ብላ ስልኳን ወደዚያ ዘረጋችው።

ጩኸቱ መሃል የድምፃዊው ድምፅ ይሰማል፦ «እማማ ብዙነሽ፣ ዛሬ እርስዎ ይዝፈኑ!»

ካውያውን አስቀመጥኩ። እማዬ፣ አዝማቹን ብቻ ዝፈኝ፤ በማርያም፣ አዝማቹን ብቻ። እሷ ግን የተጻፈ ነገር ዘልላ አታውቅም፤ ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሥራ ነው። ሙዚቃው ቀነሰ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሰፈሩ ጨለመ፣ ቀጥሎ ሽሮው መጣ። እስከ መጨረሻው አለችው።

ከዚያ ድምፃዊው፦ «እማማ… ሽሮሽን?»

«አዎ ልጄ፤ የራስህ ግጥም ጠፋህ?»

አዳራሹ ሲፈነዳ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ሰውየው በሳቅ መናገር አቅቶታል። «ይሄ ይሻላል!» ሲል ሰማሁት፤ «ይሄ ከኔ ይሻላል! በሉ ሁላችሁም!» ከበሮው ገባ፣ እና ያ ሁሉ ሰው፣ ያቺ «የኔ ጌታ» የምትለዋ ልጅም ሳትኖር አትቀርም፣ ባንድ አፍ ሽሮሽን ሳልቀምስ እያለ ዘፈነ። አራት ጊዜ። ቆጥሬአለሁ። እኔ ካውያ አጠገብ ቆሜ በስልክ እሰማለሁ።

እናቴ ሊመሽ ሲል ገባች፤ ፊቷ ያበራል። ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነገረችኝ። ድምፃዊው ከመድረክ ስትወርድ ተከትሏት መጥቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘፈኑን እንደዚያ ነው የምዘፍነው ብሏታል።

«ደግሞ፣ እማማ ይሄን የመሰለ ግጥም ከየት አመጡት ብሎ ጠየቀኝ።»

«እና ምን አልሽው?»

«ከራሴ ነው አልኩት።»

ምን ልበል? ሽሮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ ልበል?