ይግባኝ የሌለው የጋሽ ሃይደር ችሎት

ዳኛ የሌለው ሰፈር የለም። መንግሥት ሾመውም አልሾመው፣ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአላፊ አግዳሚው የሚፈርድ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ የቦሌ ሚካኤሉ ክቡር ዳኛ፣ ከወሎ የመጡት ባለሱቅ ጋሽ ሃይደር ናቸው።

ላምባ ይቀዳሉ፣ የጠርሙሱን አንገት በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ውታፉን እየጠቀጠቁ ፍርድ ይሰጣሉ። የጎረቤታችን የገንዘቤ ዶሮ የሰው ጎመን ጫረች፤ ትታረድ። ባለታክሲው ጭቃ ረጨ፤ መንጃ ፈቃዱ ይቀደድ። እኔ ጠርሙሴን ሳላጥብ ብመጣ እንኳ፣ "እርስዎን ለዛሬ በገደብ አልፌዎታለሁ፤ ይግባኝ የለውም" ተብያለሁ።

ነፍሰ ገዳይ ላይ ሲደርሱ ግን ገደብ ብሎ ነገር የለም። ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ በአመክሮ ይፈታል ሲባል በሬዲዮ የሰሙ ቀን ስኳር መመዘናቸውን አቆሙ። "ወህኒ ቤት ልብስ ስፌት ተማረ ብለው ሊለቁት? በመርፌውም ይወጋል። እዚያው ይሙት። ይግባኝ የለውም።"

ከሱቁ ጀርባ የምትኖረው የሺአረግ ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንድ ልጇ ፍስሃ መጠጥ ቤት በተነሳ ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። በአመክሮ ሊወጣ ጊዜው ደረሰ፤ ግን ንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ ይምጣ ተባለ። በየባለሱቁ ደጅ ዞረች። አንዱ ፈቃዴ አልታደሰም አላት፣ ሌላው ሚስቴን ላማክር ብሎ በዚያው ጠፋ። በመጨረሻ ክቡር ዳኛው ፊት ቆመች። እኔም ጠርሙሴን ይዤ እዚያው ነበርኩ።

"ጋሽ ሃይደር፣ የሚቀብረኝ እሱ ብቻ ነው።"

"እትዬ የሺአረግ፣ ልጅዎ ሰው ይጎዳል። አልፈራውም ካሉኝ ይዋሹኛል።"

"እኔም እፈራዋለሁ" አለች።

ጋሽ ሃይደር የጠረጉትን ጠርሙስ ደግመው ጠረጉት። ከዚያ ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተሰቀለውን ንግድ ፈቃዳቸውን አወረዱ፣ አቧራውን በክርናቸው አበሱ፣ ሱቁን ዘግተው አብረዋት ሄዱ።

ፍስሃ ወጣ። የሱቁን ደጃፍ ይጠርጋል፣ ጆንያ ይሸከማል፣ አንገቱን ቀና አያደርግም። እኛም ሰላም ማለት ጀምረን ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሻይ ቤት ውስጥ በመቀመጫ ሰበብ ተጣልቶ የሰፈራችንን መካኒክ ሱልጣንን በቢላዋ ወጋው። ሱልጣን ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከእንግዲህ መፍቻ አይጨብጥም።

ፍስሃ ወደ ወህኒ ተመለሰ። ዋሱን ደግሞ ፖሊስ ወስዶ አሳደራቸው። ሲለቋቸው ሱቁን ከፈቱ፣ ችሎቱ ግን ተዘጋ። የገንዘቤ ዶሮ እንዳሻት ትጭራለች፤ ዝም። የሱልጣን ሚስት ሪሀና ፊቷን አዙራ ስታልፍ ብድግ ይሉና እስክትርቅ ቆመው ይቆያሉ። የሺአረግ ከቤት መውጣት ብታፍር ሳሙናና ክብሪቷን ራሳቸው ደጇ ድረስ ያደርሳሉ። ግራ ቢገባኝ ሆን ብዬ ጠርሙሴን ሳላጥብ ሄድኩ። ቀድተው ሰጡኝ እንጂ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሰሞን ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ስለ አመክሮ ይከራከሩ ነበር። አንዱ አፍ አመለጠውና፣ "ጋሼ፣ ነፍሰ ገዳይ ይፈታ ወይስ አይፈታ?" አላቸው። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

"አይፈታ" አሉ ጋሽ ሃይደር። ውታፉን ጠቅጥቀው ጠርሙሴን ሰጡኝ። "እናቱ መጥታ ደጄ ከቆመች ግን እንደገና እፈርማለሁ። ይግባኝ የለውም።"

ድምፃቸው ቀጥኗል። ያቺን ቃል ዳግም ስሰማ እንደጠበቅሁት ደስ አላለኝም። በዚያው ቅጽበት ሪሀና ከመንገዱ ማዶ መጣች። ክቡር ዳኛው ከወንበራቸው ተነሱ።

እኔም ላምባዬን መሬት አስቀምጬ አጠገባቸው ቆምኩ።