ሰው መሆናቸውን ስለመግለጽ

መጠርጠር አልወድም። እናንተስ? ዕቃ ልትገዙ ገብታችሁ ባለሱቁ እጅ እጃችሁን ሲያይ ደማችሁ አይፈላም? የእኔ ይፈላል። ሚስቴማ «አንተ ቁርስህም ንዴት፣ ምሳህም ንዴት» ትለኛለች። ትበል። የዛሬውን ነገር ሰምቶ የማይናደድ ካለ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት እሱ ነው።

ይህ ነገር ሲሆን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራት ሲጠፋ እያስነጠሰ የሚነሳ አንድ ጄኔሬተር። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ናቸው። በውስጣቸው ያለውም ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የመጣ ነው። ቢሆንስ? ይሠራሉ። ስንቱ ልጅ ሥራ ያመለከተው፣ ስንቱ ውጤቱን ያየው በእነሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ የኔታ ጥበቡ መጡ። ከሮብ ገበያ ከተማ ከፍ ብላ ባለች ደብር የድጓ መምህር ናቸው። እህል ከጫነ አይሱዙ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አራግፈው ገቡና «መጽሐፋችን እዚህ አለ ቢሉኝ መጣሁ» አሉኝ። ዙሪያዬን አየሁ። እኔ ቤት ካለው መጽሐፍ ሁሉ ትልቁ የሽያጭ ደረሰኝ ጥራዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ካሜራ የያዙ እንግዶች ደብሯ ድረስ ይወጣሉ። ካህናቱ «ቤት የእግዜር ነው» ብለው ይቀበሏቸዋል። በግ ታረደላቸው። ድጓው ከዕቃ ቤት ወጥቶ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ደጅ ተዘርግቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ተነሳ። «ካሜራህ የማን ሥሪት ነው?» ብሎ የጠየቀ ቄስ አልነበረም። እንግዶቹ አመስግነው ሄዱ። ከዚያ አንድ ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰና የመጽሐፉን የመጨረሻ አሥራ አንድ ቅጠል ውሃ አጠበው።

ድጓ ሌላ ደብርም አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። በእነዚያ ቅጠሎች ላይ ግን፣ ከቃሉ በላይ ያለውን የዜማ ምልክት የጻፉት የየኔታ መምህር ናቸው፤ በራሳቸው እጅ፣ እንዳስተማሩት አድርገው። እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ከተማሪዎቻቸው በሕይወት የቀሩት የኔታ ጥበቡ ብቻ ናቸው። የእሳቸውም ዓይን ደክሟል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር በብራና ሊገለብጡት ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ያለ የድሮ ተማሪያቸው ደግሞ በስልክ «ፎቶው ባሕር ማዶ ባለ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ አለ፤ ለሁሉም ክፍት ነው» ብሏቸዋል።

ለሁሉም ክፍት። እሺ። ከፈትኩት። «ትንሽ ይታገሡ፣ ብራውዘርዎን እያጣራን ነው» አለ በእንግሊዝኛ። ብራውዘር ማለት ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው። ታገሥን። ቀጥሎ በትንንሽ ካሬ የተከፋፈለ ፎቶ አምጥቶ የትራፊክ መብራት ያለበትን ምረጡ አለን። የኔታ ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ቀይ ሲሆን መኪና የሚያቆም መብራት ነው አልኳቸው። «ድጓ ለማየት ይህን ማወቅ ግድ ነው?» አሉ። መብራቱን መረጥኩ፣ አውቶቡስ አመጣ። አውቶቡሱን መረጥኩ፣ ድልድይ አመጣ። በመጨረሻ የብራውዘርዎ ትክክለኛነት ሊረጋገጥ አልቻለም ብሎ ዘጋው። አምስቱንም ኮምፒውተር ሞከርኩ። አምስቱም ሐሰተኛ ተባሉ።

የኔታ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብዬ መገላገል ስችል፣ ተናድጄ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ነው የሚለው» አልኳቸው። የእኔ ጥፋት ነው። እሳቸው አልተቆጡም። «ደግ፤ ማስረጃ አምጣ አለ እንጂ አታይም አላለም» ብለው ወጡ። ተስፋ ቆርጠው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ተመልሰው መጡ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ፖስታ አወጡ። የቀበሌ ደብዳቤ። «ጉዳዩ፦ ሰው መሆናቸውን ስለመግለጽ» ይላል። ከሥሩ፣ «መሪጌታ ጥበቡ የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ፣ ሰው ለመሆናቸው ሁለት ሽማግሌዎች የመሰከሩላቸው በመሆኑ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እናሳስባለን።» ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበታል። ክብ ማህተሙ ግማሹ ፊታቸው ላይ አርፏል። ከታች «ግልባጭ፦ ለኢንተርኔት» ተብሏል።

ሳቄ መጣ። ግን አልጨረስኩትም። ማህተም ያዡ ስብሰባ ሄዶ ሁለት ቀን ደጅ ጠንተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ የገዛ ደብራቸውን መጽሐፍ ለማየት ሰው መሆናቸውን በማህተም አስመሰከሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እዚህ ግን ንብረቱን ፎቶ አንስተው ከወሰዱ በኋላ አጥሩን ባለቤቱ ላይ አጠሩበት። በጣም ተናደድኩ።

ደብዳቤውን ስካን አድርጌ ልልክላቸው አድራሻ ፈለግሁ። «ያግኙን» የሚል ገጽ አላቸው። ነካሁት። ትንሽ ይታገሡ፣ ብራውዘርዎን እያጣራን ነው አለኝ። አቤት ለማለትም መጀመሪያ መጣራት አለ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሙሉቀን ፈተና ሊያሳትም ገባ። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ነገሩን ስነግረው ራሱን ነቅንቆ፣ ልክ ናቸው እኮ አለኝ። ሰው መስሎ ገብቶ ገጹን ሁሉ ጠራርጎ የሚሄድ ፕሮግራም ስላለ፣ የመጣው ብራውዘር እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ግድ ነው አለ። ወደፊትማ ኮምፒውተሩ ራሱ ለባለቤቱ ምስክር ይሆናል አለኝ። ለኮምፒውተሩስ ማን ይመሰክራል? አልኩት። የሠራው ኩባንያ አለኝ። ታዲያ የኔታን የሠራቸው አምላክ መመስከር አይችልም? ሌባ እናት ልጇን አታምንም። ሌባውን መያዝ ሲያቅታቸው ሽማግሌውን ይፈትሻሉ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ኢንተርኔትን ሲያመጡልን የዓለም በር ተከፈተላችሁ አላሉንም? አሁን በሩ ላይ ዘበኛ አቁመው ጫማችንን ያያሉ። ይህን ሁሉ ጮኬ ነው የነገርኩት። የኔታ «ተው ልጄ፣ ይስማኝ ብለህ እንጂ ይደንቁር ብለህ አትናገር» አሉኝ።

ሙሉቀን ክርክሩ ሲመረው አዲስ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተ። ወዲያው ተከፈተ። መብራት የለ፣ አውቶቡስ የለ፣ ድልድይ የለ። የእሱ ስልክ ሰው ነው ማለት ነው።

የኔታ ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። የመምህራቸውን እጅ ለዩ። ከንፈራቸው ዜማውን ሲከተል አየሁ። አሥራ አንዱንም ቅጠል አውርደን፣ አጉልተን አተምንላቸው። ደብሯ ድረስ ደረታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ብራናውን ጨርሰው ሊያሳዩን መጡ። እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰላችሁ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው እንደ ደንቡ መጨረሻው ላይ ውግዘት ያኖራል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውና የፋቀው ውጉዝ ይሁን ይላል። የኔታ ሦስተኛ ጨምረውበታል፤ «ወዘዐጸዎ»። ሙሉቀን ይህቺ ምንድን ናት አለኝ። «በሩን የዘጋበትም ማለት ነው» አልኩት። ቀለሙን ደጋግሞ አየው።

በሳምንቱ ብቻውን መጣና የኮሌጁን ድረ ገጽ የሠራው እሱ እንደሆነ፣ ተማሪ በሚመዘገብበት ገጽ ላይም ያንኑ አጣሪ አቁሞበት እንደኖረ ነገረኝ። ሰኞ አንስቶታል። አምኖበት ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ያለው ውግዘት አጣሪውን ካነሱ በኋላም ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ይይዛል አልኩት።